መጀመሪያ ዓመቱን ንገረኝ

እናቴ ለቆራሌው የሰጠቻቸው ዝገት የጀመራቸው ሁለት ቁራጭ ላሜራዎች ነበሩ። ግቢያችን ኮልፌ፣ አጣና ተራ አካባቢ ነው፤ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በሳምንት ሁለት ሦስቴ በበራችን ያልፋል። ላሜራዎቹ ለእሷ የዕቃ ቤቱን ጥግ የያዙ አሮጌ ቆርቆሮዎች፣ ለቆራሌው ደግሞ በኪሎ የሚመዘን ብረት ነበሩ። ከቤት የወጣው ምን እንደሆነ የገባን ከሁለት ወር በኋላ፣ የአባቴን ቮልስዋገን ለዓመታት ከቆመችበት ጥላ ሥር ለማንቀሳቀስ ስንነሣ ነው።

የሰፈራችን መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የኋላውን ኮፈን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀና አሉና «ልጄ፣ ይቺ ሞተር ራቁቷን ናት» አሉኝ። እኔ የጎደለው ሽፋን ከሆነ መርካቶ ወርጄ ገዝቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ፍለጋው ከአንድ ክረምት በላይ እንደሚወስድብኝ፣ በመጨረሻም ስለዚች መኪና አባቴ ያልነገረኝን ሁሉ እንደሚያስተምረኝ አላወቅሁም።

ቮልስ ምን እንደምትመስል ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ዓይኑን ጨፍኖም በድምፅዋ ይለያታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በእሷ ነው። ጀርመኖች ጥንዚዛ ይሏታል። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት በናዚ መንግሥት ትእዛዝ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ የተጎዳውን ፋብሪካ ወደ ሥራ የመለሰው ኢቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ሻለቃ ነው። የመጨረሻዋ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ይህን ያህል የተሠራች መኪና መለዋወጫ አታጣም ያሰኛል። ግን ከውጭ ስትታይ ከስድሳ ዓመት በላይ አንድ ዓይነት መስላ የኖረችው መኪና ከውስጥ በየጊዜው ስትለወጥ ነው የኖረችው። የጎማው ብሎን ብዛት፣ የፊት እግሯ አሠራር፣ የመብራቷ ቮልት፣ የካምቢዮዋ አያያዝ ሁሉም ተለውጧል። ቀድሞ ጎማዋ በአምስት ብሎን ይታሰር ነበር፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ አራት ሆነ፤ የአንዱ ቸርኬ በሌላው ላይ በምንም መንገድ አይገባም። ኤሌክትሪኳ በፊት 6 ቮልት ነበር፣ ኋላ 12 ሆነ። የ12 ቮልት አምፑል በ6 ቮልቷ ላይ ብትሰቅል እንደ ኩራዝ ጭል ጭል ይልብሃል፤ የ6 ቮልቱን በ12ቷ ላይ ብትሰቅል ወዲያው ይቃጠላል።

ለዚህ ነው መካኒኩ ምን ትፈልጋለህ ሳይሉኝ በፊት «መጀመሪያ ዓመቱን ንገረኝ» ያሉኝ።

«ሊብሬው ላይ አለ» አልኳቸው።

«ሊብሬው የሚያወራው ስለ ሻንሲው ነው» አሉ። የኋላውን ወንበር አስነሡኝ። ከሥሩ፣ በሻንሲው መሐል ጉብታ ላይ፣ የተመታ ቁጥር አለ። ከ1965 ሞዴል ወዲህ በተሠሩት ላይ ይህ ቁጥር በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የእኛዋ 117 ትላለች፤ የ1967 ሞዴል ናት ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ኮፈኗ ላይ ያለው ምልክት «1300» ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ከአባቴ ንግግር ጋር ይስማማል። ቀጥለው በባትሪ መብራት ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ያለውን ሞተር ላይ የተመታ ቁጥር አሳዩኝ። «ኤ.ዲ.» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ይጀምራል። ይህ ከ1970 ወዲህ የተሠራ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1600 ሞተር ነው። የማራገቢያው ቤት ደግሞ ከዚያ የቀደመ ዘመን ሥሪት ሆኖ ተገኘ። አባቴ መኪናዋን ሲገዛት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤቷ ነበር፤ ከእሱ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሌላ የታረደች ቮልስ ልብ ተወስዶ ተተክሎላታል። መኪና «ታረደ» የሚሉት መካኒኮቹ ናቸው፤ ለመለዋወጫ ተብሎ የተፈታ ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ ሲሰማ ይከብዳል፣ ግን ከዚያ የተሻለ ቃል ያለው አይመስለኝም፤ የአንዷ ሞት የሌሎቹ ዕድሜ ነው።

አሁን ራቁቷን ናት ወደሚለው ልመለስ፣ ምክንያቱም የዚች መኪና ጥበብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ ገላቸው እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደረደሩ ስስ ክንፎች ተሸፍኗል። ከላያቸው ትልቅ የላሜራ ቤት አለ፤ በውስጡ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ማራገቢያው የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ሲሆን ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪ መሙላት ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ይቆማል። የሙቀት መለኪያ የላትምና ማስጠንቀቂያህ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የዲናሞ ቀይ መብራት ነው። አባቴ ያ መብራት ሲበራ የትም ይሁን የት ወዲያው ዳር ይዞ ያቆም ነበር። ልጅ ሳለሁ ፈሪ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ምን ያውቅ እንደነበር ገባኝ።

ማራገቢያው የገፋው አየር በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ተጨምቆ እንዲያልፍ የሚያስገድዱት ደግሞ እነዚያ ሁለት ላሜራዎች ናቸው። ሲሊንደሮቹን ከላይ እንደ ጋቢ ይጠቀልሏቸዋል። እነሱ ከሌሉ አየሩ በቀለለው መንገድ ሾልኮ ይወጣል፣ ክንፎቹን ሳይነካ። ከዚያም የባሰ አለ፤ የሞተሩ ክፍል ከሥር ካለው የማርሚታ ሙቀት የተለየ መሆን ነበረበት። ሽፋን ሲጎድል ማራገቢያው ራሱ የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ ይምገዋል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ እየተነፈሰ ይነዳል።

ይህ ሁሉ በጀርመን ሜዳ ላይም እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ የሚያቀዘቅዘው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። አሽከርካሪው ደግሞ ዳገት ላይ የጎደለውን ጉልበት ለማግኘት በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ይረግጣል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው ይኸው ነው። በድሮው የማራገቢያ ቤት ውስጥ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በአየሩ መንገድ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው። የቮልስ መካኒኮች የሦስተኛውን ቫልቭ እንደ ታማሚ ልጅ የሚከታተሉት ለዚህ ነው። ፋብሪካው ራሱ ችግሩን አውቆ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከቤቱ ውጭ አወጣው። የእኛዋ እንግዲህ የ1970ዎቹ ሞተር የ1960ዎቹን ልብስ ለብሳ፣ ያውም ግማሹ ተወስዶባት ነበር።

ፍለጋ የሚጀመረው ሶማሌ ተራ ነው። የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ያልተፈለገበት ቀን የለም። ደንቡ ናሙና ይዞ መሄድ ነው። ዕቃህን ታሳያለህ፣ ልጁ ገለበጥ አድርጎ ያይና በሱቆቹ መካከል ይሰወራል፣ አንተ ትቆማለህ። ሲመለስ ወይ አንድ ነገር ይዞ ነው፣ ወይ «የዚህ የለም፣ የዲኤክስ ልስጥህ?» ይላል። የእኔ ችግር ናሙና አልነበረኝም፤ ናሙናው በቆራሌው ከረጢት ሄዷል። ስለዚህ መካኒኩ ካርቶን ላይ በእርሳስ ቅርጹን ሳሉልኝ፤ ካርቶኑን ይዤ ስንከራተት ከረምኩ።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ችኮላን አለማሳየት ነው፤ ዋጋው በዕቃው ሳይሆን በፊትህ ላይ ይነበባል። ሁለተኛው የዕቃ ቁጥር ማንበብ ነው። ቮልስዋገን በዕቃዎቹ ላይ የሚመታው ቁጥር ሦስት ሦስት አሃዝ እየሆነ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይናገራሉ፤ 1 ከሆነ መነሻው ለጥንዚዛዋ፣ 2 ከሆነ ለኮምቢው። አራተኛው አሃዝ ቤተሰቡን ይነግርሃል፦ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ። ይህን አንዴ ካወቅህ ከብረት ክምር ውስጥ ጭቃውን በአውራ ጣትህ ጠርገህ «ይሄ የእኛ ነው» ማለት ትችላለህ። ፊደል የለየሁበትን ቀን የሚያስታውስ ደስታ ነበረው።

ምናለሽ ተራም ሄጃለሁ፣ የእናቴን ላሜራዎች ፍለጋ። የከተማው ቆራሌ የሰበሰበው ብዙው ብረት የሚደርሰው እዚያ ነው። ሁለት ወር ግን ለምናለሽ ተራ ረጅም ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥበሻ ሆኖ ወደ ከተማው ተመልሷል። ምናልባት ከኮልፌ የወጣው ላሜራ ተመልሶ ኮልፌ ቡና እየተቆላበት ይሆናል። አልተናደድኩም። የሚጣል ነገር የሌለበትን ያን ሰፈር ሳይ ቮልሷ እስካሁን የኖረችበት ምክንያት ታየኝ።

በዚህ ፍለጋ የተደነቅሁበት አንድ ነገር የጋራዥ አማርኛ ነው። መኪናዋ ጀርመናዊት፣ መካኒኩ የኮልፌ ሰው፣ ንግግሩ ግን ከጣሊያን የተወረሰ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፤ መሣሪያዎቹም ካቻቢቴና ፒንሳ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው፣ ቃሉ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት በእጅ ላይ ሲተላለፍ ኖሯል። «የግራውን ቴስታታ ፈትተህ ጋርኒሲዮኑን ቀይር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሀገራችን የመኪና ታሪክ አለ። እነዚህን ቃላት የሚሰበስብ መዝገበ ቃላት ቢኖረን እመኛለሁ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች እያረጁ ነው።

መካኒኩ መለዋወጫን በሦስት ይከፍሉታል፦ የሚሠራ፣ የሚዋስ፣ የሚጠበቅ።

የሚሠራው ከምታስበው በላይ ብዙ ነው። ጋርኒሲዮን ከወረቀት ይቆረጣል፤ ወረቀቱን በብረቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፣ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። ከአሮጌ ጎማ በርባሶ የሚሠራ እጅ ጎሚኒም ይሠራል። ከሞተሩ ገላ ተነቅሎ የወጣ ብሎን ካለ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቀዳዳው ይሰፋና አዲስ ጥርስ ይገባለታል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሞተሯ ገላ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ፍቅፋቂው እሳት ካገኘው ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነዳል፣ ውኃ ብትደፋበት ይብስበታል። ለእሱ አሸዋ አጠገብ ያስቀምጣሉ።

የሚዋሰው ከሌላ ማሽን የሚመጣው ነው። የኋላ ጎማዋ ኩሽኔታ ቁጥር 6306 ነው፤ ይህ ቁጥር ዓለም አቀፍ መለኪያ ስለሆነ የወፍጮ ቤትና የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ ከሚሸጥ ሱቅ ይገኛል። የቺንጋዋን ውጥረት የምታስተካክለውም ሌላ ዘዴ ሳይሆን በፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል በምትጨምራቸው ወይም በምታወጣቸው ስስ ቀለበቶች ነው። ቀለበት ብታወጣ ቺንጋው ይወጠራል፣ ብትጨምር ይላላል። የጠፋ ቀለበት ከቆርቆሮ ይቆረጣል። የፊት መስተዋት የሚያጥበው ውኃ ደግሞ የሚገፋው ከመጠባበቂያው ጎማ በሚወስደው አየር ነው፤ ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው። ይህን የነደፈውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

የሚጠበቀው ከውጭ የሚመጣው ነው። የካርቡሬተር ጥቃቅን ዕቃ፣ የቫልቭ መቀመጫ፣ ጥሩ ፒስተንና ፋሻ። ብራዚል ውስጥ ኮምቢው በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር እስከ ፈረንጆቹ 2005 ማለቂያ ድረስ ሲሠራ ስለነበር እዚያ የሚመረት ዕቃ አሁንም አለ፤ ጀርመንና አሜሪካም ለአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሠሩ አሉ። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን በዘመድ ሻንጣ ነው። ፍራንክፈርት ያለች የአክስት ልጅ ለበዓል ስትመጣ ከሽቶና ከጫማ መካከል በካልሲ የተጠቀለለ ካርቡሬተር ይወጣል። በኤክሳይዝ ታክስ ምክንያት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ በኮልፌ መንገድ ላይ ከቻይና የመጡ ኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች ያለ ድምፅ ያልፋሉ፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ምልክት ከአባቴ መኪና ጋር አንድ ነው። ክልከላውን አልቃወምም፣ የከተማችን አየር ያሳስበኛል። ግን በሀገሪቱ ያሉት አሮጌ ቮልሶች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም፤ ያለችው እንዳለች መጠበቅ አለባት።

ላሜራዎቹ የተገኙት ከክረምቱ በኋላ ነው፣ ከሶማሌ ተራ፣ ካርቶኑን ያስታወሰ ልጅ ደውሎልኝ። ደስ ብሎኝ ይዤ ስመጣ መካኒኩ በጣታቸው ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የባለ አንድ ቀዳዳ ቴስታታ ሽፋኖች ነበሩ። የ1600 ቴስታታ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት የአየር መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ የማስገቢያው ቱቦ እግር ሰፊ ነው፣ በአሮጌው ሽፋን ክፍተት አይገባም። እዚህም ቢሆን ያው የዓመት ጉዳይ ነው። ግን በዚህ ጊዜ መፍትሔ ነበረ፤ የጠበበ ቀዳዳ ይሰፋል። አየር ጤና መሄጃ ላይ ያለ ባትላሜራ ዘንድ ወሰድናቸው። በኖራ ምልክት አድርጎ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ፣ ዝገቱ የበሳውን በስስ ብየዳ ደፍኖ በሁለት ቀን መለሰልን። ጥቁር ቀለም ቀባናቸው።

ሞተሩን ለማውረድ የሚፈቱት ዋና ብሎኖች አራት ናቸው። መካኒኩና ረዳታቸው፣ እኔም ክሪኩን ይዤ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሬት ላይ አሳረፍናት። ሽፋኖቹን አለበሱ፣ ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካከሉ፣ ዘይቱን ቀየሩ፣ መልሰን ሰቀልናት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው የተነሣችው። ሦስት ጊዜ አንገራገረች፣ በአራተኛው ያ የማውቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ጎረቤት ወጣ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ምንም አላለችም።

መካኒኩ ግን ገና አልጨረሱም። አየሩ የሚሾልክበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ማየት ይፈልጋሉ፤ በእጃቸው ዳሰሱ፣ እጃቸው ግን የዘመናት ዘይት ያደነደነው ነው፣ ቀጭን ነፋስ አይሰማውም። ዙሪያቸውን ሲያዩ እናቴ ገብታ ከእንዝርቷ አጠገብ አንድ ቁንጥር ባዘቶ ይዛ መጣች። «በዚህ ይዩት» አለቻቸው። ባዘቶውን በሽቦ ጫፍ ላይ አሰሩ። ከማራገቢያው አፍ አርቀው፣ በአዲሶቹ ላሜራዎች ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ወሰዱት፤ ከአንደኛው ሲሊንደር ወደ ሁለተኛው፣ ዞረው ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ ቆሙ፣ ትንፋሻቸውንም ያዙ። ሞተሩ እየሠራ፣ የባዘቶው ጭራ በሽቦው ላይ ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሎ ቀረ።